የእህቴ እጅና የመዝገበ ቃላቱ እጅ

እህቴ ቀኝ እጇን ያጣችበትን ሳምንት እኔ ያሳለፍኩት “ሀንድ” የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ትርጉም እንዳለው ስለቅም ነው። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ ወደ ኋላ ባቆየው ሰበብ እየደረደርኩ እንደማልፈው ራሴን አውቃለሁ።

የተወለድነው ሐረር ነው። አባታችን ቀድሞ ሞቶ ነበር፤ እናታችን ስትከተለው እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እህቴ አሥራ ስምንት ሞልቷታል። “እትዬ” ነው የምላት፤ በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን በመንገዱ ግራና ቀኝ ደርድረው የሚውሉበት መኪና ግርግር የሚባል ሰፈር አለ። እትዬ የእናታችንን መኪና ይዛ እዚያ ከወንዶቹ መሀል ተቀመጠች። እኔ ከጎኗ በርጩማ ላይ ሆኜ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ክር እበጥሳለሁ፣ ጨርቅ እነክራለሁ። መጀመሪያ ያስተማረችኝ ሥራ ጨርቅ መንከር ነው። አዲስ አቡጀዴ ከመቆረጡ በፊት ውሃ ጠጥቶ መድረቅ አለበት። አለዚያ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ውሃ ሲነካው ይሰበሰብና ባለቤቱን አንቆ ይይዘዋል። ይህን በስምንት ዓመቴ አውቀው ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሁት ግን ሃያ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ነው። ያስገባችኝም እሷው ናት። አንድ ቀን ቀበሌ ሄዳ አንድ ወረቀት ላይ በቀለም የተነከረ አውራ ጣቷን አስረግጠዋት ተመለሰች። ጣቷን በላምባ እየፈተገች፣

“እኔ እንግዲህ ቀለም መንከሬ አይቀርልኝም፤ አንቺ ግን ትፈርሚያለሽ” አለችኝ።

በሳምንቱ ከሥራ በኋላ የሚማሩ አዋቂዎች ክፍል አስመዘገበችኝ። ሰፊዎቹ ደብተሬን ይዤ ሳልፍ እያዩ፣ “ፕሮፌሰሯ መጣች! ተነሡ!” ይላሉ። አንዳንዱ በእርግጥ ይነሣል። እትዬ መኪናዋን ሳታቆም፣ “ተቀመጡ፣ ዛሬ አትጠይቃችሁም” ትላቸዋለች።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን በዕድሜ ያንሰኛል፤ ሲጠራኝ “አንቺ” ለማለት አፉ እየተያዘ ነበር የሚቸገረው። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን ቆቡን አወለቀና ቁርጥራጭ ወረቀት ሞልቶበት በየወንበሩ አዞረ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል አለ። ቃሉን አንሥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትርጉሞቹን ሁሉ ከነአነጋገሩ መልቀም፣ ከዚያ ክፍሉ ፊት ቆሞ መናገር ነው ሥራው። የኔ ወረቀት ላይ “ሀንድ” የሚል ተጽፏል።

አጠገቤ የሚቀመጠው የባጃጅ ሾፌር አንገቱን አስግጎ አየብኝ። “አንቺማ ታድለሻል፤ እጅ በይና ተቀመጪ! እኔ ትርጉሙ ማለቂያ የሌለው ‘ራን’ ደርሶኝ አልቆልኛል።”

እኔም መጀመሪያ እንደሱ ነበር ያሰብኩት። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው ትልቁ መዝገበ ቃላት ለውሰት አይሰጥም፤ ከጠረጴዛው ጋር በሲባጎ ታስሮ ነው የሚኖረው። ገልጬ ሳየው ቃሉ ሁለት ገጽ ሞልቶ ሦስተኛው ላይ ፈሷል። እኔ ደግሞ ግማሽ ነገር አልወድም። “ዋና ዋናውን ጻፊና ይበቃል” ቢሉኝ ዋናው የትኛው እንደሆነ ማን ወሰነ ብዬ የምከራከር ሰው ነኝ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ መገልበጥ ያዝኩ።

ማታ እራት ስንበላ ለእትዬ እተርክላታለሁ። በየቀኑ ከሥራ ስንመለስ፣ “እሺ፣ ዛሬ ስንት እጅ አመጣሽ?” ትለኛለች።

“ሰባት። የሰዓትን ቆጣሪ እጅ ይሉታል።”

“ይሁን፣ እሱስ ያመለክታል።”

“ካርታ ሲጫወቱ የደረሰሽን ካርታ በሙሉ እጅ ይሉታል። የጽሕፈትሽን መልክም እጅ ይሉታል።”

“እሱን እኛም የእጅ ጽሑፍ እንላለን። ሌላስ?”

“ልጅቷን ለጋብቻ ሲጠይቁ እጇን ጠየቀ ይባላል።”

“እጇን ብቻ? እኛ አገር ከነሙሉ አካሏ ነው የሚወስዱት፤ ያውም መኪናዋን ጨምረው” አለችና ሳቀች። አግብታ ነበር አንድ ጊዜ። ሰውየው ሲሄድ የስፌት መኪናውን ይዞ ሊሄድ ሲል ሰፊዎቹ ናቸው ያስጣሉት።

“እርሻ ላይ ወይ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራውን ሰው ራሱን እጅ ይሉታል። ሃምሳ ሠራተኛ አለኝ ለማለት ሃምሳ እጅ አለኝ።”

ይህኛው አላሳቃትም። ጉርሻዋን እንደያዘች ቆየች። “ታዲያ ሆዳቸውን ማነው የሚቀበላቸው?” አለች።

እኔም ከእንግሊዝኛው ጎን የኛን መጻፍ ጀመርኩ። እጅ መንሳት። እጅ መስጠት፤ በነሱ እጅ መስጠት ማገዝ ነው፣ በኛ መሸነፍ። እጅ አጠረኝ። እጅ እጅ አለኝ። እጇ ይጣፍጣል። እጄን ታጠብኩ፤ ይኼ በሁለቱም አለ። ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ማሽላ። “እጀ ወርቅ” የሚለውን እትዬ ስትጨምርልኝ፣ “ይኼን አትርሺ፣ የኔ ነው” አለችኝ። እውነቷን ነበር። የኮት እጅጌ መግጠም የሚያቅታቸው ሰፊዎች ኮቱን እሷ ጋ እያመጡ ትገጥምላቸው ነበር፤ ትከሻ ላይ የምትገጥመውን እጅጌ አይቶ ስፌቱ የት እንደሆነ የሚያገኝ አልነበረም።

በዚያው ሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዘንቦ ነበር። እትዬ የመጋረጃ ጨርቅ ጥቅል በሁለት እጇ ታቅፋ በቁልቁለቱ ጠባብ መንገድ ስትወርድ ድንጋዩ አዳለጣትና በቀኝ ክንዷ ላይ ወደቀች። ጥቅሉን አልለቀቀችም። ሰፊዎቹ አንሥተው ቤት ሲያስገቧት ክንዷ ከክርኗና ከእጅ አንጓዋ መሀል ጎብጦ ይታያል።

“ሐኪም ቤት እንሂድ” አልኩ።

“ሐኪም ቤት ሄጄ ጀሶ ለጥፈውብኝ ጣቴ ደርቆ ይቅር? የሚያውቁኝ ሰው ይንኩኝ። አባን ጥሩልኝ።”

አባ የምንላቸው ወጌሻው ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የድሬ ጠያራ ገበሬ ናቸው፤ ገበያ ቀን ማሽላቸውን ጊደር መጋላ ገበያ አውርደው ሲጨርሱ ከተማው ውስጥ የተሰበረና የተወለቀ ካለ እየዞሩ ያያሉ። ልጅ ሳለሁ የወለቀ ትከሻዬን የመለሱት እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬ አሞኝ አያውቅም። በሐረር የሳቸውን እጅ የማያምን ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም።

መጡ። ካፖርታቸውን አወለቁና ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። “ቢስሚላህ” ብለው ክንዷን በቅቤ አሹ፣ አጥንቱን በጣታቸው ፈልገው ገጠሙት። እትዬ የትራሷን ጫፍ ነከሰች። አራት የቀርከሃ ስንጥር አስቀመጡና ከከረጢታቸው አሮጌ፣ ብዙ ታጥቦ የሳሳ የጨርቅ መቀነት አወጡ።

“ይሄማ ነትቧል፤ ሌሊት ስገላበጥ ይላላል” አለች እትዬ። “አንቺ፣ ከዚያ ከአዲሱ አቡጀዴ አራት አራት ጣት እያደረግሽ ቅደጂላቸው።”

“አሮጌው ይሻላል ልጄ፤ አዲስ ይከረክራል።”

“አባ፣ አጥንት እርስዎ ያውቃሉ። ጨርቅ ለኔ ይተዉልኝ።”

ሳቁ። እኔ አቡጀዴውን ቀደድኩ። ያልተነከረ ነበር፤ ከጥቅሉ እንደወጣ። ስቀደው የሚያወጣውን ደረቅ ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። እሳቸው ጠቀለሉት፤ ሲጨርሱ ትንሽ ጣታቸውን ከማሰሪያው ሥር አስገብተው ለኩ።

“ጠበቅ ያድርጉት አባ። እንጀራዬ ነው።”

“ይበቃዋል። ሰባት ቀን አትፍቱት። ብትፈቱት ይጣመማል፤ ከዚያ እኔ አላቀናውም። በሰባተኛው ቀን እኔው መጥቼ እፈታዋለሁ፣ ኢንሻ አላህ።”

በማግስቱ ክንዷ እንደ እሳት ነደደ። “ከውስጥ ነው የሚያቃጥለኝ” አለች። እኔ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ከቤተ መጻሕፍት የገለበጥኩትን በንጹሕ ደብተር እጽፍ ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሣሁና ከእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳሁ፤ ከክንዷ ሥር ሳፋ አድርጌ በማሰሪያው ላይ ቀስ ብዬ አፈሰስኩ። ዓይኗን ጨፈነች። “እሰይ። ተባረኪ። ጨምሪልኝ።” ጨመርኩላት። ማታም አፈሰስኩ። ሰኞ ጠዋትም፣ ሰኞ ቀትርም።

ስለዚያ ውሃ ብዙ አስቤያለሁ። ጨርቁን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ያልተነከረ አቡጀዴ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ከምንም በፊት የተማርኩት ትምህርት ነው። ከእናቴ ፊት ይልቅ እሱን አስታውሳለሁ። እና ከዚያ ሳፋ አጠገብ ቆሜ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ ትዝ አላለኝም። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው፤ መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው እጅ የሚባለው ከፋብሪካው ሠራተኛ ጋር አንድ ትርጉም ነው ወይስ ለብቻው ይቆጠራል የሚለውን እያመዛዘንኩ ነበር።

ሰኞ ማታ፣ “ጠበቀኝ” አለች።

“እየያዘ ነዋ” አልኳት። “ሳይጠብቅ እንዴት ይገጥማል?”

“እሱስ ልክ ነሽ። ዛሬ ስንት እጅ አመጣሽ?”

“ዛሬ ቤተ መጻሕፍት አልሄድኩም። ሃያ ስድስት ላይ ነኝ።”

“ለኔ ብለሽ እንዳታጎድዪ” አለችኝ።

ማክሰኞ ጣቶቿ አብጠው ቆዳቸው ያብለጨልጭ ነበር። ጥፍሮቿ ሥር ያለው ቀለም የተለወጠ መሰለኝ፤ መስኮቱን ከፍቼ በብርሃን አየሁት። ሰማያዊ ነበር ወደ ጥቁር የሚሄድ። ጣቶቿን ነካኋቸው። ቀዝቅዘዋል።

“እትዬ፣ ስነካሽ ይሰማሻል?”

“አሁንማ ሕመሙም ተወኝ። ደንዘዝ ብሏል። ተሽሎኛል ማለት ነው።”

ግድግዳው ላይ በሚስማር የሚንጠለጠለውን የልብስ መቀሷን አወረድኩ። ከባድ ነው፣ ሁለት ድርብ ጨርቅ በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። ጫፉን ከማሰሪያው ሥር ላስገባ ስል ቦታ አጣሁ። አባ ትንሽ ጣታቸውን ያስገቡበት ቦታ መቀስ አላስገባም።

“ምን ልታደርጊ ነው?”

“ትንሽ ላላላው።”

“ሰባት ቀን ነው ያሉት! ሦስት ቀን ቀርቶት ልታጣምሚው? መልሺ መቀሱን።”

“ጣትሽ ጠቁሯል እኮ።”

“አንቺ ሐኪም ነሽ? ዘጠነኛ ክፍል ነሽ!” ቁጣዋ እንደወትሮው ነበር፣ ግማሹ ቀልድ። “እሳቸው ስንቱን ጠግነዋል። አንቺ ደግሞ ካልመረመርሽ አይሆንልሽም። መልሺ ብያለሁ።”

መለስኩት። ሚስማሩ ላይ አንጠለጠልኩት። ስለ አንድ ቃል ከአስተማሪ ጋር ተሟግቼ የማልሸነፍ ሰው፣ ዓይኔ ባየው ነገር ላይ ግን በአንድ ቁጣ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ ተከራክሬ ቢሆን ኖሮ ትፈቅድልኝ ነበር። እኔም ማየቴን ላለማመን ፈልጌ ነበር መሰለኝ፤ ረቡዕ ክፍሉ ፊት የምቆምበት ቀን ነበር።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ “ሂጂ እንጂ፤ የሰፋሁልሽን ሸሚዝ ልበሺ” አለችኝ። ትኩሳት ነበራት። ሄድኩ። ሠላሳ አንድ ትርጉም ነበረኝ፣ ከኛዎቹ ጋር አርባ አራት። አንዱንም ሳላይ ተናገርኩ። የባጃጁ ሾፌር አፉን ከፍቶ ያዳምጠኝ ነበር። ስጨርስ አስተማሪያችን ተነሣና፣ “እኔ ራሴ የማላውቃቸው አሉበት” አለ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሮ፣ “አንድ ቀርቷታል፣ እሱን እኛ እንንገራት። ጭብጨባንም እጅ ይሉታል። ትልቅ እጅ ስጧት!” አለ። አጨበጨቡልኝ። ሰማንያ የሚሆን እጅ። ደስ ብሎኛል፤ ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ያልያዝኩት አንድ ትርጉም መኖሩ ብቻ ቆጨኝ፤ ዳገቱን ስወጣም ስለሱ እያሰብኩ ነበር።

የቤታችንን በር ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ።

ሮጬ የጠራሁት የባጃጁ ሾፌር ነው ሐኪም ቤት ያደረሰን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ማሰሪያውን ለመቁረጥ ሁለት ጊዜ መቀስ ቀየረች። ጨርቁ ሥጋዋ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ከሥሩ የወጣውን እዚህ አልጽፈውም፤ እትዬ ፊቷን አዙራ ስለነበር አላየችውም፣ እኔ አይቼዋለሁ።

“መቼ ነው ጣቷ የጠቆረው?” አለች ሐኪሟ።

“ትናንት።”

“ትናንት?” ቀና ብላ አየችኝ። ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረች። ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ ገልብጬ አነበብኩት። ከመስመሩ ውስጥ ያወቅሁት ቃል አንዱን ብቻ ነበር፤ “ሀንድ” የሚለውን። ከሱ ቀጥሎ የጻፈችው ቃል አጭር አይደለም፣ አይቼው አላውቅም፤ ከመዝገበ ቃላቱ ሦስት ገጽ ውስጥም አልነበረም። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና በአማርኛ ነገረችን። እጁ ሞቷል። ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ደሟ ይገባል፤ መግባት ጀምሯል። ነገ ጠዋት መሠራት አለበት።

“አይሆንም” አለች እትዬ። “ይዤው እሞታለሁ። ጠበል ውሰዱኝ።”

ሐኪሟ አስረዳቻት። ነርሷም ገባችና ለመነቻት። ሰፊዎቹ ሰምተው መጡ፤ አንዱ ትልቅ ሰው ከአልጋው እግር ቆመው፣ “እኛ የለንም ወይ? አንቺ ትቆርጫለሽ እኛ እንሰፋለን” አሏት። ያሉትን ወዲያው ሰሙትና አፋቸውን ያዙ። እትዬ ግን አልተቆጣችም፤ ለሁሉም መልሷ አንድ ነው፤ አይሆንም።

ሐሙስ ጠዋት ከንፈሯ ደርቆ፣ ትንፋሿ ፈጥኖ አገኘኋት። ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ በር ላይ ቆማለች። እትዬ እኔን ፈለገች በዓይኗ።

“አንቺ እስካሁን አልተናገርሽም” አለችኝ። “የተማርሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ምን ትያለሽ?”

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር ያደርኩት። ምንም ብትል እሷ ትወስን ብዬ ነበር ዝም ያልኩት። አሁን ግን የመጣው እኔ ጋ ነው፤ ብዙ ቃል የሚያውቅ ሰው የሚሸሸግበት ቦታ አልነበረም።

“ይቆረጥ፣ እትዬ” አልኳት።

አጠገቧ ያለችው በሽተኛ ስታስል፣ ኮሪደሩ ላይ ጋሪ ሲገፋ ይሰማል።

“ከየት ጀምሮ?”

“ከክርንሽ በታች።”

“ክርኔ ይተርፋል?”

“ይተርፋል።”

ግራ እጇን አነሣችና በስንዝሯ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ለካች። ሁለት ስንዝር አልሞላም። እንደገና ለካች፤ ጨርቅ ስትለካ አንድ ጊዜ ብቻ ለክታ አታውቅም። “እሺ” አለች። ቀለሙን አመጡላት። ግራ አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ስትጫን ጣቷ እንዴት እንደሚዞር ጠፋትና ነርሷ ይዛ አስረገጠቻት።

ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቀትር አካባቢ፣ “ቤተሰብ!” ተብሎ ተጠራ። ተነሣሁ። የግሉኮስ ካርቶን ነው የሰጡኝ፣ በፕላስተር የታሸገ። “ትወስዱታላችሁ ወይስ እኛ እናስወግደው?” አለኝ ሠራተኛው። እወስዳለሁ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚጠየቅ አላውቅም ነበር። ቀለል ይላል ብዬ ነበር፤ አይቀልም። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ስይዘው ከካርቶኑ እርጥበት የተነሣ ቀሚሴ ረጠበ።

እናታችን የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መቃብር ጠባቂው ካርቶኑን አይተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“እግዚአብሔር ያጥናሽ። ሕፃን ነው?”

“እጅ ነው አባቴ። የእህቴ እጅ።”

“አይ” አሉ፤ ለረጅም ጊዜ ካርቶኑን አዩት። “እሷስ አለች?”

“አለች።”

“እንግዲያስ ለሷ ምሕረት ያውርድላት።” ከእናቴ መቃብር ጥግ ክንድ የሚሆን ጉድጓድ ቆፈሩ። ጸሎት አላደረሱም፤ አማተቡ። ከነካርቶኑ አስገብተን አፈር መለስንበት። ሁሉ ነገር የአንድ ሰዓት ሥራ አልሆነም።

ዓርብ ሰባተኛው ቀን ነበር። ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባ ቃላቸውን ጠብቀው ቤታችን ሄደው ዝግ ሲያገኙ ጎረቤት ነግሯቸው ሐኪም ቤት መጡ። ቅቤ በኮባ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ስነግራቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

“ዋላሂ፣ ጣቴን አስገብቼ ለክቼዋለሁ። አይተሽኛል።”

“አይቻለሁ አባ።”

“ታዲያ ጨርቁ ምን ነካው?”

“ውሃ አፈሰስኩበት። ሲያቃጥላት። ብዙ ጊዜ።”

ቅቤውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። “ውሃ አታስነኩት ማለት ነበረብኝ። እኔ በአሮጌ ጨርቅ ነው የማስረው፤ አሮጌው ውሃ አይፈራም። አላልኩም።” ከዚያ ቀና አሉ። “ለሷ ነግረሻታል?”

“አልነገርኳትም።”

“ንገሪያት። እኔ ገብቼ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ። የኔን እኔ እለምናለሁ፤ ያንቺን ግን እኔ ልለምንልሽ አልችልም።”

ገቡ። እትዬ ስታያቸው ልትነሣ ሞከረች። ከአልጋዋ አጠገብ መሬት ላይ ተንበረከኩ፣ “አፉ በይኝ ልጄ” አሏት። “ምን በድለውኝ ነው? ይነሡ አባ፣ ይነሡ፤ ኧረ አስነሡልኝ!” አለች። ይቅር ብያለሁ ሳትላቸው አልተነሡም። ቅቤውን ትራስጌዋ ትተው ሲወጡ ወደኔ አላዩም።

ብቻችንን ስንቀር በርጩማውን ስቤ ተቀመጥኩ። ግራ እጇን ያዝኩ። ነገርኳት። ያልተነከረ መሆኑን፣ ውሃውን፣ መቀሱን፣ ማክሰኞ ጣቷን በብርሃን ማየቴን፣ ረቡዕ ትቻት መሄዴን። ምንም አላስቀረሁም፤ ምናልባት ሁሉን በትክክል ብናገር ይቀለኛል ብዬ አስቤ ይሆናል።

ጣሪያውን እያየች አዳመጠችኝ።

“አውቃለሁ” አለች። “ሁለተኛው ቀን ስታፈሺልኝ አውቄያለሁ። አቡጀዴ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን እኔ አጣዋለሁ? ትንሽ ቢጠብቅ ምን አለበት ብዬ ነው። ለአጥንቱም ጥሩ ነው ብዬ። ደግሞ” አለች፤ “ከደብተርሽ ቀና የምትዪው ውሃውን ስታፈሺልኝ ብቻ ነበር።”

በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አልጋው ላይ ነበር፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀኝ ጎኗ ጎድሎ ይታያል።

“የት አደረግሽው?” አለች ቆይታ።

“ከእማዬ መቃብር ጥግ።”

“ጥሩ አድርገሻል።” ትንሽ አሰበች። “ገንዘሽዋል?”

“እትዬ፣ እጅ እኮ ነው…”

“ሲሠራ የኖረ እጅ ነው። ጣቶቹን ዘርግተሻቸዋል? አጥበሽዋል? በምን ጠቀለልሽው?”

“እነሱ በጠቀለሉት ነው። ካርቶኑን አልከፈትኩትም።”

“ሳታዪው ነው የቀበርሽው?”

“ሳላየው” አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ ግራ እጇንም ከእጄ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች።